ሞተሩ መቼ ነው የሚጠፋው?
የሞተር ሳይክልና የውሃ ፓምፕ ብልሽትን ስለ መለየት ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የቀረበ ገለጻ፣ ሮቢት



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ዘርም ስለ ማዳበሪያም አይደለም፤ ስለ ሞተር ነው። «ግብርና ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው ጋራዥ የከፈተው?» የሚል አይጠፋም። ጋራዥ አልከፈትንም። ነገር ግን ዛሬ በሮቢት ዙሪያ የብዙ ሰው ሽንኩርት ውሃ የሚጠጣው በሞተር ነው። ቲማቲሙና ቃሪያው ወደ ቆቦና ወደ ወልድያ የሚወጣው፣ መድኃኒቱ ከከተማ የሚመጣው፣ የልማት ሠራተኛውም እናንተ ማሳ የሚደርሰው በሞተር ሳይክል ነው። ሽንኩርት ደግሞ ሥሩ ከላይ ከላይ ነው፤ እንደ ማሽላ ወደ ታች ዘልቆ እርጥበት አይፈልግም። በእኛ ቆላ ፀሐይ ኮረት በሚቋጥርበት ጊዜ ውሃ ከተቋረጠበት ራሱ ያንሳል፣ ይሰነጠቃል፣ ገበያ ላይም ዋጋ ያጣል። መካኒክ ሲጠበቅ የሄደ ሳምንት በኋላ በማዳበሪያ አይመለስም።

ማሽላው ቢጫ ሆነብኝ ብሎ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው ሲኖር «ዩሪያ በትን» ብለን አንሰደውም። መቼ ጀመረ? ማሳው በሙሉ ነው ወይስ እዚህም እዚያም? የታችኛው ቅጠል ነው የላይኛው? እያልን እንጠይቃለን። ነቅለን ሥሩን እናያለን። አቀንጭራ ከመሬት በላይ ብቅ ሳይል ሥሩ ላይ ተጣብቆ ብዙ ጉዳት አድርሶ ሊሆን ይችላል፤ አገዳ ቆርቁርም ከሆነ አገዳው ሲሰነጠቅ ይታያል። ይህንን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሞተር ሲጠፋ ግን ይኸው ጠንቃቃ ገበሬ ካቻቪቴ አንሥቶ ያገኘውን ብሎን ያዞራል። ካልሆነ ካንዴላ ይገዛል። ካልሆነ ካርቡሬተር ይቀይራል። ሁለት ዕቃ ተገዝቶ ችግሩ አሁንም ቦታው ላይ ነው፤ እንዲያውም መጀመሪያ ደህና የነበረው ማስተካከያ ስለተበላሸ አሁን ችግሩ ሁለት ሆኗል።

ስለዚህ ምንም ከመንካታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ እንድትመልሱ እፈልጋለሁ፦ ሞተሩ የሚጠፋው መቼ ነው? ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ? ነዳጅ መስጫውን ስትለቁት? አሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ ከሠራ በኋላ? ዳገት ላይ ወይም ጭነት ሲበዛበት? ሲጠፋስ እያንገራገረ ነው ወይስ እንደ መብራት ድርግም ብሎ? ይህንን የሚመልስ ሰው ከግማሽ በላይ ሥራውን ጨርሷል። የቤንዚን ሞተር ትልቅም ይሁን ትንሽ የሚፈልገው ቤንዚን፣ አየርና የካንዴላ እሳት ነው፤ እነርሱን ደግሞ ፒስተኑ በደንብ አምቆ መያዝ አለበት። የጠፋበት ሰዓትና አጠፋፉ የትኛው እንደጎደለ ይነግራችኋል።

ነዳጅ ስትለቁት የሚጠፋ

መካኒኮች «ሚኒሞ» የሚሉት ነዳጅ ሳትሰጡት ሞተሩ በራሱ ቆሞ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። በአብዛኞቹ ትንንሽ ሞተር ሳይክሎች ላይ በደቂቃ 1,400 ዙር ገደማ ነው፤ የእናንተው ትክክለኛ ቁጥር በመመሪያ መጽሐፉ ላይ አለ። ሞተሩ ነዳጅ ስትሰጡት ጥሩ የሚሄድ፣ ስትለቁት የሚሞት ከሆነ ካንዴላው፣ ነዳጁና ሌላው ነገር በአብዛኛው ደህና ናቸው ማለት ነው። የተበላሸው የዝቅተኛው ፍጥነት መስመር ነው። በካርቡሬተሩ ውስጥ ለዚህ ብቻ የተሠራች ከመርፌ ቀዳዳ የማትሰፋ መተላለፊያ አለች፤ አንድ የአሸዋ ቅንጣት ትዘጋታለች። የራያን አቧራ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደምትዘጋ አይጠይቅም።

እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው የሚኒሞውን ብሎን አጥብቆ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ ነው። ሞተሩ አይጠፋም፤ ሰውየውም ተሻለው ብሎ ይሄዳል። እኔ ይህንን ወባ የያዘውን ሰው የራስ ምታት ክኒን ሰጥቶ ከመሸኘት ለይቼ አላየውም። ነዳጅ ስትለቁት ሞተሩ ራሱ ፍጥነት ይይዝላችሁ ነበር፤ አሁን ግን ይገፋችኋል። ከወልድያ ቁልቁል ወደ ቆላው ሁለት ኩንታል ጭኖ የሚወርድ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከኋላው ሲኖትራክ፣ ከፊቱ አስፋልት የሚሻገር ግመል አለ። በሌላ በኩል መስቀለኛ ላይ የሚጠፋ ሞተርም ያው አደጋ ነው፤ ሁለቱም መስተካከል እንጂ መሸፋፈን አያስፈልጋቸውም።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አሙቁት፤ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተስተካከለ ሚኒሞ ሲሞቅ ይለወጣል። ቾኩ፣ ማለትም አየር መዝጊያው፣ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን እዩ። የአየር ማጣሪያውን፣ ያው ፊልትሮውን፣ አውጡና እዩት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ብሎን የሚኬደው። ካርቡሬተር ላይ ሁለት ብሎን አለ። አንደኛው ፍጥነቱን ብቻ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሁለተኛው፣ ትንሹ፣ የአየርና የቤንዚንን ድብልቅ ይመጥናል። ይህንን ሁለተኛውን ከመንካታችሁ በፊት ቀስ ብላችሁ እስኪያርፍ ድረስ አጥብቁትና ስንት ዙር እንደሄደ ቁጠሩ፤ አንድ ዙር ተኩል ከሆነ «1 ተኩል» ብላችሁ በቋሚ ቀለም ጎኑ ላይ ጻፉት፤ ከዚያ ወደነበረበት መልሱት። አሁን ብታበላሹትም መመለሻ አላችሁ። ሲያርፍ በኃይል እንዳታጠብቁት፤ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ መቀመጫውን ይጎዳዋል።

ሚኒሞው አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ የሚል፣ ነዳጅ ስትለቁትም ቶሎ የማይወርድ ከሆነ ደግሞ አየር የሚያስገባ ቦታ አለ። ካርቡሬተሩንና ሞተሩን የሚያገናኘው ጎማ በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ክዳኑ በመርፌ የተበሳ ሃይላንድ ላይ ውሃ ሙሉና ሞተሩ እየሠራ ጎማው ዙሪያ ጥቂት ረጭ አድርጉበት፤ ካንዴላው አካባቢ ግን አይንካ። የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ስንጥቁ እዚያ ነው። (የመድኃኒት መርጫችሁን ለዚህ አታምጡ። ውስጡ የቀረውን መድኃኒት በሞቀ ብረት ላይ ረጭታችሁ ልትተነፍሱት ነው።)

አዳዲሶቹ ነዳጃቸውን በኮምፒውተር የሚመጥኑ ሞተር ሳይክሎች ካርቡሬተር የላቸውም። እነርሱ ላይ ብሎን አትፈልጉ። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ምልክት ያለበት መብራት በርቶ ከቀረ ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ማጣሪያውንና ነዳጁን ግን እነርሱም ላይ ራሳችሁ ታያላችሁ።

ጥቂት ሠርቶ የሚጠፋ

ይህ በእኛ አካባቢ እጅግ የበዛው ነው፤ ሞተር ሳይክሉ ላይም ፓምፑ ላይም። ሞተሩ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሠራል። ከዚያ እንደ ተጠማ ሰው እያቃሰተ ይጠፋል። ትንሽ ሲያርፍ ይነሣል፤ እንደገና ይጠፋል። «ሙቀቱ ነው» ይባልና ባለቤቱ ጥላ ሥር ወስዶ ያሳርፈዋል። ሲያርፍ ስለሚነሣ ሙቀት መሆኑን አመነ ማለት ነው።

የነዳጅ ጋኑ ክዳን ላይ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። ቤንዚኑ ወደ ታች ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ ካልገባ ጋኑ ውስጥ መምጠጥ ይፈጠርና ቤንዚኑ አልወርድም ይላል። ጠላ ከጋን በቱቦ ስትቀዱ አፉን በጭቃ ብትዘጉት የሚሆነውን አስቡት። ቀዳዳውን አቧራ ይዘጋዋል። ከአቧራው የባሰው ግን ፌስታል ነው። አቧራ እንዳይገባ ብሎ ክዳኑን በፌስታል የሚጠቀልል፣ በላስቲክ የሚያስር ሰው በየመስኖው አለ። ከመካከላችሁ አንድ አርሶ አደር ፓምፑን ሁለት ጊዜ ወደ ከተማ ጭኖ ወስዶ ነበር፤ እዚያ ሲደርስ ይሠራል፣ ማሳው ላይ ሲመለስ ይጠፋል። ለካ ጋራዥ ሲወስደው ፌስታሉን ያወልቀዋል፣ ሲመለስ መልሶ ያስረዋል! መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ወዲያው ክዳኑን ላላ አድርጉት። «ሽ...» የሚል የአየር ድምፅ ከሰማችሁና ሞተሩ ከተነሣ ክዳኑን አጽዱ፤ ሌላ የሚከፈል ገንዘብ የለም። ክዳኑን ስትከፍቱ ግን ሲጋራም እሳትም አጠገባችሁ አይኑር፤ ቤንዚን ስትጨምሩም ሞተሩ ጠፍቶ ይብረድ።

ክዳኑ ደህና ከሆነ የቤንዚኑን መንገድ ከላይ ወደ ታች ተከተሉት፤ መስኖ እንደምትከተሉት ማለት ነው። ቦይ ሲደርቅ ከመጥለፊያው ጀምራችሁ ትወርዳላችሁ እንጂ ከመሐል አትጀምሩም። ሩቢኔቱን ዝጉ፣ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ንቀሉ፣ ጫፉን ንጹሕ ሃይላንድ ውስጥ አድርጉና ሩቢኔቱን ክፈቱ። ሳያቋርጥ ከወረደ እስከዚያ ድረስ መንገዱ ክፍት ነው። ጠብ ጠብ ካለ በሩቢኔቱ ወይም በቤንዚን ማጣሪያው ላይ ደለል አለ።

ያንን ሃይላንድ አትድፉት። ጥቂት ደቂቃ አስቀምጡትና ወደ ብርሃን አንሡት። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ካለ ከሥር እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ይታያል። በመንገድ ዳር በጀሪካንና በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ከገዛችሁ ይህንን ከመግዛታችሁ በፊት ማድረግ ይሻላል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ የተቀላቀለበትን ለመለየት ደግሞ በነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ አድርጉ፤ ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይተንና ወረቀቱ ነጭ ይሆናል፤ የተቀላቀለው የቅባት ምልክት ትቶ ይቀራል። እንዲህ ያለው ቤንዚን ጠዋት ለማስነሣት ያስቸግራል፣ ሚኒሞ አይዝም፣ ማርሚታውም ሌላ ዓይነት ጢስ ያወጣል። ያኔ ካርቡሬተሩ ምን አደረገ?

ክረምቱን ሙሉ ቤት የተቀመጠ ፓምፕ ኅዳር ላይ መስኖ ሲጀመር አልነሣም የሚለውም ከዚሁ የመጣ ነው። በካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ይተንና ሙጫ የመሰለ ነገር ትቶ ቀጫጭኖቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። ከማስቀመጣችሁ በፊት ሩቢኔቱን ዝጉና ሞተሩ በውስጡ ያለውን ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ አሠሩት። ሞተር ሲጠፋ ደስ የሚለን ብቸኛው ጊዜ ይህ ይመስለኛል።

ድርግም ብሎ የሚጠፋ

ሳያንገራግር፣ ሳያቃስት፣ ቁልፍ እንደተዘጋ ያህል ቀጥ የሚል ሞተር ያጣው እሳት ነው። ማጥፊያ ቁልፉን፣ የጎን መቆሚያውን (አንዳንድ ሞተር ሳይክል መቆሚያው ሳይታጠፍ ማርሽ ሲገባ ይጠፋል)፣ የባትሪውን ማሰሪያ፣ የካንዴላውን ኮፍያ እዩ። ጉድጓድ ስትገቡ ወይም መሪውን ስታዞሩ የሚጠፋ ከሆነ ከመሪው ሥር የተላጠ ሽቦ ፈልጉ።

ካንዴላውን ንቀሉና መልኩን አንብቡት። ጫፉ ግማሽ የተቆላ ቡና ቀለም ከያዘ ሞተሩ በደህና ይበላል። እንደ ምጣድ ጥላሸት ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶ አየር አንሷል፤ መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውን እዩ። ጥቁርና ዘይታማ ከሆነ ዘይት ወደ ውስጥ ይገባል። እንደ ኖራ ከነጣ ቤንዚን አንሶ በጣም እየሞቀ ነው፤ ይህኛውን ቸል ያለ ሰው ፒስተን ይገዛል። የካንዴላው ጫፍ ክፍተት በአብዛኛው ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው።

እሳቱን ለመፈተን ካንዴላውን ኮፍያው ውስጥ አስገቡና ብረቱን ከሞተሩ ብረት ጋር አገናኙ፤ ከካንዴላው ቀዳዳ አርቁት፣ የፈሰሰ ቤንዚን ካለ መጀመሪያ ጠርጉ። ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ሞተሩን ምቱት። ጠንካራ ሰማያዊ እሳት መታየት አለበት። ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ፈተናውን የምታደርጉት እንደጠፋ ወዲያው፣ ትኩስ ሳለ ነው። ቦቢና ሲሞቅ ሰንፎ ሲበርድ የሚድንበት ጊዜ አለ፤ ጋራዥ በርዶ ከደረሰ መካኒኩም ደህና ነው ብሎ ይመልሰዋል። ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲገፋ ደግሞ የሚነሣ ባለ አራት ምት ሞተር ከሆነ የቫልቭ ክፍተት ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ሞተሩ ፍጹም በርዶ በመለኪያ የሚስተካከል ስለሆነ ለባለሙያ ስጡት።

ወደ ደጋ ሲወጣ የሚደክም

ሮቢትና ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ወልድያ 2,000 ገደማ ነው፤ ከዚያ በሳንቃና በድልብ አድርጎ ወደ ጋሸና የሚወጣው መንገድ ደግሞ ብርድ ውስጥ ያስገባችኋል። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ በየ1,000 ሜትሩ አሥር በመቶ ገደማ። ካርቡሬተሩ ግን የቆላውን ያህል ቤንዚን መስጠቱን አይተውም። ስለዚህ ሚኒሞው ይወርዳል፣ ጥቁር ጢስ ያወጣል፣ ጉልበቱ ይደክማል። ብልሽት አይደለም። እዚያ ለጥቂት ቀን የሚቆይ ሰው የፍጥነቱን ብሎን በጥቂቱ ከፍ አድርጎ ሲመለስ ወደ ምልክቱ ይመልሰው። ማጣሪያው ቆሻሻ ከሆነ ግን ዳገቱ ያጋልጠዋል፤ በቆላው የሚሸከመውን እዚያ አይችልም።

ማጣሪያ ካነሣን፦ የስፖንጅ ከሆነ በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ፣ ጥላ ውስጥ አድርቃችሁ፣ በንጹሕ የሞተር ዘይት ነክራችሁ በደንብ ጭመቁት። በቤንዚን አትጠቡት። የወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ቀስ ብሎ መታ መታ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ንፋስ፣ ካልጸዳ መቀየር ነው።

ፓምፑ ሲጠፋ

እስካሁን ያልነው ለቤንዚን ፓምፕም ይሠራል። ሁለት ነገር ብቻ እጨምራለሁ።

አንደኛው ዘይት ነው። ብዙዎቹ ፓምፖች ዘይት ሲጎድል ሞተሩን በራሱ የሚያጠፋ መሣሪያ አላቸው። በጎሊና ዳር ተዳፋት ላይ ያዘነበለ ፓምፕ ዘይቱ ሳይጎድል እንኳ ይጠፋል፤ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቷልና። ሜዳ ላይ አስቀምጡት፣ ዘይቱን ለኩ። መፍትሔው ይኸው ነው። አንዳንድ ሰው ግን «ይህች ሽቦ ናት የምታስቸግረኝ» ብሎ ይቆርጣታል፤ ፓምፑ ከዚያ በኋላ አይጠፋም፣ ዘይት እስኪያልቅበት ድረስ። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሲጣበቅ ለዘለዓለም ይጠፋል።

ሁለተኛው ስለ ሰው ሕይወት ነው፤ እባካችሁ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ፓምፕ ውሃ ወደ ላይ የሚስበው በአየር ግፊት ስለሆነ ከ6 ወይም ከ7 ሜትር በላይ ጥልቀት በተግባር አይስብም። ውሃው ሲርቅ ሰው ጉድጓዱን አስፍቶ ፓምፑን ወደ ታች ያወርደዋል። እዚያ ታች ሞተሩ ጥቂት ይሠራና ይጠፋል። ሲወጣ ይሠራል፣ ሲወርድ ይጠፋል። መቼ ይጠፋል ብለን የጠየቅነውን አሁን የት ይጠፋል ብላችሁ ጠይቁ። ሞተሩ የራሱን ጢስ መልሶ እየተነፈሰ ነው፤ አየር አጥቶ ነው የሞተው። ሞተር ያልቻለውን አየር ሰው አይችለውም። በጢሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ ራስን ያዞርና ጉልበት ይከዳል፣ መሰላሉን ለመያዝ እንኳ ጊዜ አይሰጥም። ፓምፑን ላስነሣ ብሎ የወረደው ይወድቃል፤ እሱን ላውጣ ብሎ ወንድሙ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ አደጋ አንድ ሰው ብቻ አይሞትም የሚባለው ለዚህ ነው።

በቤንዚንም ሆነ በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ማርሚታውን በቱቦ ወደ ውጭ አወጣለሁ ማለትም አያስተማምንም፤ መገጣጠሚያው ያፈሳል። ውሃው ከ7 ሜትር በታች ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ ውሃ ውስጥ ገብቶ ወደ ላይ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ወይም የፀሐይ ኃይል ፓምፕ ነው፤ ለብዙዎቻችሁ በጋራ ካልሆነ ዋጋው አይቀመስም፣ ስለዚህ ከመስኖ ባለሙያው ጋር በቡድን እንነጋገርበታለን። ሰው ወድቆ ካገኛችሁ ደግሞ አትውረዱ፤ ጩኹ፣ ሰው ሰብስቡ፣ ገመድ አምጡ፤ ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ቱቦውንም ሽቦውንም ስባችሁ ቢሆን አጥፉት።

ከምሳ በኋላ ከማሰልጠኛው ግቢ ዛፍ ሥር እንገናኛለን። የምትጠፋ ሞተር ሳይክል ወይም ፓምፕ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ፌስታሉም እንደታሰረ ይሁን፣ ሳትነካኩት። ካቻቪቴ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ንጹሕ ጨርቅና ባዶ ሃይላንድ ከእኛ ዘንድ አለ። እያንዳንዱ ባለቤት መጀመሪያ ሞተሩ መቼ እንደሚጠፋ ለቡድኑ ይናገራል፤ ቡድኑ ገምቶ በወረቀት ይጽፋል፤ ከዚያ ይፈታል። ፓምፑ አሁን ጉድጓድ ውስጥ ያለበት ሰው ካለ ግን ከሰዓት በኋላን አይጠብቅ፤ ከዚህ ሲነሣ ቀጥታ ወደ ልማት ሠራተኛው ሄዶ ይመዝገብ፤ ዛሬ ማታ ሞተሩ ሳይነሣ፣ ማንም ሳይወርድ፣ ከላይ በገመድ እናወጣዋለን።